የቡርቃ ጃርሳ ሦስተኛ ምት

የመምህር ሙሉብርሃንን አስከሬን መጀመሪያ ያዩት ጠዋት አሸዋ ሊያወጡ ወደ ወንዙ የወረዱት የአሸዋ ነጋዴው የዓብዱ ሠራተኞች ናቸው። ጎርፉ ከድልድዩ በታች፣ አንድ የግራር ሥር ላይ ጥሏቸው ሄዷል። አንደኛው እግራቸው ጫማ የለውም። ሸበቶ ፀጉራቸው፣ ጆሯቸው፣ የሸሚዛቸው ኪስ ሳይቀር አመድ በመሰለ ነጭ ጭቃ ተሞልቷል። ዓብዱ ጃኬቱን አውልቆ ፊታቸውን ሸፈነና፣ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ አለቀሰ። ይኸው ዓብዱ ከጥቂት ቀናት በፊት ድልድዩ ላይ ቆሞ «አሸዋውን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት እንዴ!» እያለ ሲጮኽባቸው የሰማ ብዙ ነውና፣ እንባውን ያመነለትም ያላመነለትም ነበር።

ኢንስፔክተር ጉዲቱ ወዬሳ ስትደርስ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ጎርፍ ነው፤ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ምን ይመረመራል? እሷ ግን ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ፣ ቸኩላ የማትናገር ሴት ናት። አስከሬኑን አየች። ከዚያ ፊቷን አዙራ የወንዙን ዳርቻ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ጎርፉ የተወው ምልክት ግልጽ ነበር፤ ከታች ቀይ ጭቃ ተለስኗል፣ በላዩ ላይ ነጭ ተደርቧል።

«ጎርፍስ ጎርፍ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ሁለት ጎርፍ ነው።»

ቡርቃ ጃርሳን ለማያውቅ ጥቂት መንገር ግድ ነው። በአዳማ ዳር ያለ ወንዝ ነው፤ ወንዝ መባሉን ግን በበጋ የሚያምን የለም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ቆሻሻውን ደብቆ የሚደፋበትም አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ነው ጉዱ። ሰፈሩ ላይ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ማዶ ኮረብታ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ከች ይላል። ደግሞም የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። ቀዩ ውሃ ከቅርቡ ኮረብታ ቀይ ጠጠር እያንከባለለ ቸኩሎ ይመጣል፣ ቸኩሎም ያልፋል። ነጩ ውሃ ከሩቅ ሜዳ አመዳማ አፈር ተሸክሞ፣ ሰው ረስቶት ሲዘናጋ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ የሚገናኙት ከሰፈሩ በላይ፣ ዛሬ ወይዘሮ ዘመናይ ከገዛችው ቤት ጥግ ነው።

መምህር ሙሉብርሃን ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተማሩ፤ ይህን ወንዝ ግን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ወጣት ሳሉ አንድ ጎረቤታቸውን ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ውሃዎች መገናኛ ላይ ካለው ዛፍ የመኪና ቸርኬ ሰቀሉ። ውሃ ሲመጣ ቸርኬው በጥድፊያ ይደበደባል፤ ካለፈ ደግሞ በዝግታ እየተቆጠረ ይመታል፤ ያን ጊዜ ሰው ይሻገራል። ማንም ገብቶ እንዲመታ፣ ዛፉ ያለበት ግቢ በር ተቆልፎ አያውቅም። ቤቱን ዘመናይ ስትገዛም በሩን ላለመቆለፍ ቃል ገብታ ነው።

ከዓመታት በፊት መንገድ ሠሪዎች የነጩን ውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ደፈኑት። ነጩ ውሃ ቀረ። ወንዙ ጠበበ፤ ውሃ የለቀቀውን መሬትም ሰው ያዘው፤ አጥር ታጠረ፣ ግድግዳ ቆመ። ባለፈው ግንቦት ግን ማሳቸው ረግረግ የሆነባቸው የላይኛው አገር ገበሬዎች ጮኸው ቱቦው ተከፈተ። ወንዙ የድሮ ስፋቱ ይመለስለት ተባለ። የድሮው ዳርቻ የት እንደነበር ለባለሥልጣኖች የሚያሳዩት መምህር ሙሉብርሃን ነበሩ። ባለሥልጣኖቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሞቱ።

የመምህሩ ባለቤት፣ ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ጉዲቱን እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ እኔ ደራ ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነው። እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ። ስመለስ ቤቱ ባዶ። አለፈ ተብሎ ተመታ፣ ከዚያ ነው የወረደው ይሉኛል።»

«ሁለተኛው ጎርፍ ሲመጣስ፣ ወንዙ ውስጥ ሳሉ ‹መጣ› ብሎ የመታላቸው የለም?»

«ግቢው ባዶ ነበራ። ዘመናይም ደራ ነበረች። መሞቱንስ ሞተ። አለፈ ብሎ የመታው ማን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ብዬ ነው ከዚህ ሰው ጋር ደህና ዋላችሁ የምባባለው? ሁሉንም ልጠረጥር ነው እኮ።»

«እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አለች ጉዲቱ። እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ልማዷ አልነበረም።

ከዚያ ወጥታ በግቢው ጓሮ ወደ ወንዙ ዳር ሄደች። ከአጥሩ ውስጥ፣ ከድንች መደቡ መሐል፣ አዲስ የተተከሉ ችካሎች በመስመር ቆመዋል። መስመሩ ወደ ወንዙ ወርዶ በጭቃው ውስጥ ይጠፋል። ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ቤት ይታያል። ቤቱ የምንተስኖት ነው፤ አባቱን ውሃ የወሰደበት፣ መምህሩና ወይዘሮ ፍሬሕይወት ከሕፃንነቱ ያሳደጉት ልጅ። ዛሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ የትራንዚት ሥራ ይሠራል፤ ሚስቱም ለመውለድ ደርሳለች።

ጉዲቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው ዓብዱን ነው። አሸዋ ክምሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልተው ነበር።»

«ተጣልቻለሁ፤ ወላሂ አልክድም። አሸዋ ባወጣህ ቁጥር ዳርቻው ይናዳል አሉኝ። ተናደድኩ። እውነታቸውን እንደነበር ግን አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው የሚያበሳጨኝ።»

«በዚያ ቀን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ቀዩ ጎርፍ መጣ፣ አንድ ሮጦ የደረሰ ሰው ቸርኬውን ደበደበ፣ ሠራተኞቼን አወጣሁ። ጎርፉ አለፈ። ቆየት ብሎ አለፈ ተብሎ ተመታ።»

«እንዴት ተመታ?»

ዓብዱ ግራ ገባው። «በዝግታ ነዋ። ሦስቴ። አንዷ ትርፍ ናት መሰለኝ፤ ልብ አላልኩም። ሠራተኞቼ ደክሟቸው ስለነበር ‹በቃ ነገ› አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ፤ ባልል ኖሮ እነሱም አልቀው ነበር።»

ወይዘሮ ዘመናይን ያገኘቻት በሯን ዘግታ እንደተቀመጠች ነው፤ ያ በር ሲዘጋ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሰፈሩ ፊቱን አዙሮባታል። የተመታው የእሷ ቸርኬ ነው፤ ከለቅሶው ከሌሎቹ ቀድማ የተመለሰችም እሷ ናት፤ መምህሩም ግድግዳሽ ወንዝ ውስጥ ነው ብለዋት ያውቃሉ። ዳቦ ቤት እንኳ ከጎኗ የሚቆም ጠፍቷል።

«ገበያ ወርጄ ነው የቀረሁት» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ለልጄ ጫማ ስመርጥ ዋልኩ። ያየኝ ሰው ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ? ሰው ለመግደል ነው እንዴ ጫማ የሚገዛው?»

ጉዲቱ ወደ ዛፉ ሄደችና ከቸርኬው ሥር የተንጠለጠለውን ብረት አውርዳ ሰጠቻት።

«አለፈ ሲባል እንዴት እንደሚመታ ያሳዩኝ። ቀስ ብለው፤ ሰው እንዳይደነግጥ።»

ዘመናይ ብረቱን ተቀበለች። አንዴ መታች። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀች። ደግማ መታችና ብረቱን መለሰች።

«በቃ?»

«በቃ። አንዱ ለውሃው፣ አንዱ ለሰው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ገበሬው ነጋሳ የሚኖረው ከነጩ ውሃ ማዶ ነው። ሽማግሌው በሬዎቹን አስሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ነጋሳ?»

«ፈያ፣ ልጄ። ምን ደህና አለ እንጂ» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ ነግሬያለሁ። ነጩ ሲነሳ ከዚህ አየሁት። ጎርፉ ከእኔና ከሰፈሩ መሐል ነው፣ በዚህ በኩል ድልድይ የለም፣ መሻገር የለም። መምህሩ ወንዝ ሲወርዱ ስልካቸውን ቤት ነው የሚተውት፤ ደወልኩ፣ አይነሳም። ለምንተስኖት ደወልኩ። ነጩ እየመጣ ነው፣ ለአባትህ ንገር አልኩት። እሺ አለኝ። ጮኼ ነው የነገርኩት፤ በእሱ በኩል ውሃው እየጮኸ መደማመጥ አቅቶን።»

«ምንተስኖት ለሰዉ ሁሉ ሞጆ ሥራ ላይ ነበርኩ ብሏል።»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ። በስልክ የት እንዳለ አይታይ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሃው አለፈ ሲባል ቸርኬው ስንት ጊዜ ይመታል?»

ሽማግሌው ፈገግ አለ፤ ያን ቀን የሳቀ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «አሁን ሁለት ነው። ድሮ ነጩ ሳይደፈን ሦስት ነበር። አንዱ ለቀዩ፣ አንዱ ለነጩ፣ አንዱ ለሰው። ነጩ ሲቀር መምህሩ ለሌለ ውሃ አይመታም ብለው አስቀነሱት። ዘንድሮ ቱቦው ሲከፈት ወደ ሦስት እንመልሰዋለን ብለውኝ ነበር፤ በሚመጣው የእድር ስብሰባ ለሰፈሩ ሊናገሩ።»

«አልተናገሩም?»

«ስብሰባው መች ደረሰ?»

ምንተስኖት ለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ከቀድሞው ቀን አልተለወጠም። ጉዲቱ ለብቻው ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ጋሽ ነጋሳ ደውለውልህ ነበር።»

«ደውለዋል። ሞጆ ነበርኩ። ለአባዬ ደወልኩ፣ አላነሳም። ምን ላድርግ? በክንፍ አልበር።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ሐዘኑ የውሸት አልነበረም።

«አለፈ ሲባል ስንት ነው የሚመታው?»

«ሁለት።»

«ድሮም?»

«ሁልጊዜም ሁለት ነው» አለና ቁልቁል አየ። እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

ጉዲቱ አመሰግናለሁ ብላ ተለየችው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ሞተሩን ሳታስነሳ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። የያዘችው ነገር ልቧን አስጨነቃት፤ ቃል የገባችላት ሴት መልሱን ከመስማት ይልቅ ጥርጣሬዋን ይዛ ብትኖር ይሻላት ነበር ብላ አሰበች። ግን የዘመናይ በር ተዘግቷል፤ ዝም ቢባል ሰፈሩ ያቺን ሴት በሕይወቷ ይቀብራታል።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ዘመናይ ጥግ ላይ፣ በሁለት በኩል ባዶ ወንበር ከብቧት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፍናለች። ዓብዱ መጥቷል፤ ነጋሳም ወንዙ ስለጎደለ ተሻግሮ መጥቷል። ምንተስኖት ከወይዘሮ ፍሬሕይወት አጠገብ፣ እንደ ልጅ ቦታው ላይ ነው። ጸሎቱ ሲያበቃ ጉዲቱ ተነሳች። ከባለቤቲቱ ፈቃድ ጠይቃለች።

«እማማ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ አለፈ ብሎ የመታው ማነው አሉኝ» አለች። «መልሱ የሚጀምረው ከጭቃው ነው። ዳርቻው ላይ ከሥር ቀይ፣ ከላይ ነጭ ጭቃ አለ። መምህሩ ላይ ግን ነጭ እንጂ ቀይ አልነበረም። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ የገቡት ቀዩ ካለፈ በኋላ ነው። የወሰዳቸው ነጩ ነው።»

«ነጩ እንደተመለሰ ከሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል?» አለ ዓብዱ። «እያወቁ እንዴት ይገባሉ?»

«እኔም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ነጩ ሳያልፍ የማይገቡ ሰው ነጩ አልፏል ብለው እንዲያምኑ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ቸርኬው ነው። አቶ ዓብዱ፣ ስንት ጊዜ ተመታ አሉኝ?»

«ሦስቴ።»

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ቀና አለች። ቁጥሩን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ወይዘሮ ዘመናይ ሁለት ነው የሚመቱት» ቀጠለች ጉዲቱ። «እዚህ የተቀመጠ አብዛኛው ሰው ሁለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ከእነሱ አንዱ በስህተት ወይም በክፋት ቢመታ ኖሮ ሁለት ይመታ ነበር። ሁለት ቢመታ ደግሞ መምህሩ ቀዩ ብቻ ነው ያለፈው ብለው ዳር ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ሦስተኛውን የሰሙ ጊዜ ነው ተነስተው የወረዱት። አንዱ ለቀዩ፣ አንዱ ለነጩ፣ አንዱ ለሰው። ይህን የሚያውቅ ሰው እንደመታው ገባቸው፤ አመኑት።»

ዘመናይ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። አጠገቧ ባዶ ወንበር የተወላት ጎረቤት ወደ መሬት አየ።

«ነጩ ሳይደፈን በፊት እዚህ የነበሩና ሦስቱን የሚያውቁ፣ ከሟቹ በቀር፣ እዚህ ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እማማ እስኪመሽ ደራ ነበሩ፤ እድርተኛው ሁሉ ምስክር ነው። ጋሽ ነጋሳ ማዶ ነበሩ፤ ነጩ ውሃ ራሱ ምስክራቸው ነው፤ ቀድመውት ሊሻገሩ አይችሉም።»

ሦስተኛውን ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ምንተስኖትን አየው።

«እኔ ሞጆ ነበርኩ» አለ።

«ሞጆ በዚያ ቀን ዝናብ ጠብ አላለም፤ ጠይቄያለሁ። ደረቅ ወደብ ውስጥ ደግሞ የሚጮኽ ወንዝ የለም። ጋሽ ነጋሳ ሲደውሉልህ ከስልክህ ውስጥ የውሃ ድምፅ እየመጣ መደማመጥ አቅቷችሁ ነበር። ቀዩ በደጅህ እያለፈ፣ አንተ አዲሱ ቤትህ በር ላይ ቆመህ ነበር። ማዶ ደግሞ አባትህ የቀረውን ችካል ወንዙ ውስጥ ወርደው ሊተክሉ ዳር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ስጠይቅህ ሁልጊዜም ሁለት ነው አልከኝ። ዓብዱ ሁለት ቢለኝ አምነዋለሁ። አንተ ግን እዚህ ወንዝ ዳር ያደግክ ልጅ ነህ፤ ሦስቱን ልትረሳ አትችልም። የደበቅከው ስለምታውቀው ነው።»

ምንተስኖት አልተነሳም፣ አልሮጠም። ትከሻው ብቻ ወረደ።

«ለምኜው ነበር» አለ ወደ ማንም ሳያይ። «ጠዋት ከሞጆ መጥቼ ለመንኩት። ሚስቴ ዛሬ ነገ ትወልዳለች፣ ቤቱን አታሳያቸው አልኩት። ‹ወንዝ ቦታውን አይረሳም› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ከሰዓት ችካል ሲያዘጋጅ አየሁት፤ ቤቴን ሊያስፈርስ የሚለካ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነጋሳ ደወለ።»

ጉዲቱ ወደ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ዞረች። «እማማ፣ ችካሎቹ የተተከሉት በእርስዎ ድንች መደብ መሐል ነው። ለምን?»

ሴትዮዋ ስትናገር ለመርማሪዋ ሳይሆን ለልጁ ነበር።

«የድሮው ዳርቻ በአንተ ቤት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ይህን አልዋሽም ብሏል። ባለሥልጣኖቹን ግን ስፋቱን ከእኛ በኩል ውሰዱት ሊላቸው ነበር። ጓሮውን፣ ማድ ቤቱን፣ ከፈለጉም መኝታ ቤቱን። እኔም እሺ አልኩት፤ ሁለት ሽማግሌ ስንት ክፍል ይበቃናል? እሺ ይበሉ አይበሉ ሳይታወቅ ለልጁ አትንገሪው አለኝ። ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ይከፋል አለኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ነጋሳ «ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ» እያለ አምላኩን እየጠራ ጭንቅላቱን ያዘ። ምንተስኖት ግንባሩን መሬት አስነክቶ ወደ እግሯ ተደፋ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት አልገፋችውም፣ አላነሳችውም።

ፖሊሶቹ ሊያስነሱት ሲጠጉ እጇን አነሳች፤ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቀው። ወላጅ አባትህን ውሃ ሲወስደው በደረትህ የምትድህ ነበርክ። ሙሉብርሃን ቸርኬውን የሰቀለው ላንተ ብሎ ነው። እግር ስታወጣ ትከሻው ላይ ይሸከምህና የመጨረሻዋን፣ የሰውን፣ አንተን ነበር የሚያስመታህ። ያን ዕለት ስትመታ እጅህ አልተንቀጠቀጠም?»

«ተንቀጠቀጠ፣ እማዬ» አለ ከመሬት ሳይነሳ። «ሁለቱን መታሁና ቆምኩ። ዞር ብዬ አየሁት። አልወረደም፤ ገና ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር።»

«ታዲያ ልጄ፣ ሦስተኛውን ለምን ጨመርክ?»

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው አስነሱት። እሷም እስኪወስዱት ድረስ መልሱን ጠበቀች።